መሣሪያው በምርመራ አለፈ፤ ሕሊናስ?

ባለፈው ዓመት በጾመ ፍልሰታ ሰሞን አንድ ደብዳቤ ደረሰን። ጸሐፊው በቁምስናችን ትምህርተ ክርስቶስ ተምሮ ያደገ፣ ኋላም ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ የሄደ ወጣት ነው። «አባ፣ ይባርኩኝ» ብሎ ከጀመረ በኋላ፣ እስከዚያ ቀን ስሙን እንጂ አሠራሩን ስለማናውቀው አንድ ጨዋታ ሦስት ገጽ ሙሉ ያብራራል፤ በመጨረሻም አንድ ጥያቄ ያቀርባል። ጥያቄው ከጨዋታው የሰፋ ሆኖ ስላገኘነው፣ ዘወትር ከልጆቻችን ጋር የሚውሉ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ቢወያዩበት የሚጠቅም ስለመሰለን፣ የጸሐፊውን ፈቃድ ጠይቀን በዚህ ዕትም ልንመልስለት ወደድን። ነገሩ በምስጢረ ንስሐ የሰማነው ሳይሆን በተራ ደብዳቤ የተጠየቅነው መሆኑን ግን አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅልን እንፈልጋለን።

ጨዋታው «ፔይንትቦል» ይባላል። ሁለት ቡድኖች በታመቀ አየር የሚሠራ ጠመንጃ መሰል መሣሪያ ይዘው በአንድ ሜዳ ይገጥማሉ። መሣሪያው የሚተኩሰው ቀለም የሞላባትን፣ ስስ የጄላቲን ቅርፊት ያላትን፣ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋትና 3 ግራም ገደማ ክብደት ያላትን ኳስ ነው። ኳሷ ሰውን ስትመታ ትፈነዳለች፤ ቀለም ያረፈበትም ከሜዳ ይወጣል። መሣሪያው በመጀመሪያ የተሠራው ለጨዋታ አልነበረም፤ የደን ሠራተኞች ዛፎችን፣ ከብት አርቢዎችም ከብቶቻቸውን ከርቀት ምልክት የሚያደርጉበት ነበር። ስለዚህም በተጫዋቾቹ ዘንድ እስከ ዛሬ «ማርከር»፣ ማለት ምልክት አድራጊ ይባላል። የመጀመሪያው ጨዋታ እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1981 በኒው ሃምፕሻየር ደን ውስጥ በ12 ሰዎች መካከል ተደረገ (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አሸናፊው አንዲት ጥይት እንኳ ሳይተኩስ ባንዲራዎቹን ሁሉ ሰብስቦ የወጣ ሰው ነበር፤ ይህን ስናነብ ፈገግ ማለታችንን አንደብቅም። ጦርነት ባደከማት አገራችን የጠመንጃ አምሳል ይዞ መጫወት ይገባልን የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ያም ጥያቄ የራሱ ክብደት አለው፤ ዛሬ የተጠየቅነው ግን እርሱን አይደለም።

የልጃችን ነገር እንዲህ ነው። ከሌላ ተጫዋች ያገለገለ መሣሪያ ገዛ። መሣሪያው በውድድሩ ዳኞች ተመርምሮ አለፈ። በሦስተኛው ግጥሚያ ላይ ቃታውን በጥድፊያ ደጋግሞ በሳበ ጊዜ፣ ጣቱ ከሳበው ይልቅ የወጣው ጥይት እንደሚበዛ ተሰማው። ቡድኑ በዚያ ቀን አሸነፈ፤ ጥቂት ገንዘብና ጥቂት ካርቶን የቀለም ኳስም ተሸለመ። ከሳምንት በኋላ ነገሩን የሚያውቅ አንድ ጓደኛው መሣሪያውን ፈቶ አሳየው፤ የቀድሞው ባለቤት በውስጡ ያለውን የኤሌክትሮኒክ ቦርድ ለውጦት ኖሯል። «አባ» ይላል ደብዳቤው፣ «እኔ አላወቅሁም ነበር፤ ዳኛውም መርምሮ አሳልፎታል፤ ጓደኞቼም የሁሉም መሣሪያ እንዲሁ ነው ይሉኛል። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?» ከዚህ በታች፣ ከፊርማው በላይ፣ በትንንሽ ፊደል የተጨመረ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ካወቀ በኋላም በሁለት ውድድሮች ያንኑ መሣሪያ ይዞ ገብቷል፤ «ግን ቃታውን ቀስ ብዬ ነበር የምስበው» ይላል።

ዳኞቹን ከመውቀሳችን በፊት ሥራቸውን ማወቅ ይገባናል። ማታለልን ለመከላከል የሚደረገው ጥረት ቀላል አይደለምና። ከሁሉ በፊት የሚጠበቀው የኳሷ ፍጥነት ነው። የተለመደው ወሰን በሴኮንድ 300 ጫማ፣ ማለት 91 ሜትር ገደማ ነው። ፍጥነቱን ወደ 350 ጫማ ከፍ የሚያደርግ ሰው የጨመረው አንድ ስድስተኛ ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የምቱ ኃይል የሚያድገው ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ፣ ኃይሉ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይጨምራል። ዓይንን የሚከላከለው ጭምብልም ሆነ ተጫዋቾች የሚጠብቁት ርቀት የታሰበው በወሰኑ ልክ ነው። እንግዲህ ወሰኑን በስውር የሚያልፍ ሰው የሚሰርቀው ነጥብ ብቻ አይደለም፤ ባልንጀራው ባላወቀውና ባልተስማማበት አደጋ ላይ ይጥለዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ መሣሪያ ወደ ሜዳ ከመግባቱ በፊት በፍጥነት መለኪያ ፊት ይተኮሳል፤ ፍጥነቱን የሚለውጠው ብሎን ያለ መፍቻ እንዳይዞር ይደረጋል፤ መፍቻ ይዞ ሜዳ መግባት ይከለከላል፤ በጨዋታው መካከልና ፍጻሜም ዳኞች ድንገት ይለካሉ።

ፍጥነትን መለካት ቀላሉ ነው። ነገሩ የከበደው በ1990ዎቹ ዓመታት የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ከመጡ ወዲህ ነው። ቀድሞ ቃታውና ጥይቱ በብረት የተያያዙ ነበሩ፤ አሁን ግን ቃታው የሚነካው አንዲት ትንሽ ማብሪያ ነው። መልእክቱ ወደ ቦርዱ ይሄዳል፤ አየሩን የሚለቀው ቫልቭ እንዲከፈት የሚያዘውም ቦርዱ ነው። በጣትና በጥይት መካከል የሚወስን ሌላ አካል ገባ ማለት ነው። ደንቡ ለአንድ ስበት አንድ ጥይት ቢልም፣ ቦርዱን በስውር ሁለት ወይም ሦስት እንዲለቅ ማዘዝ ይቻላል። ይባስ ብሎም በዳኛው ጠረጴዛ ላይ ሲፈተን እንደ ደንቡ እንዲሠራ፣ ትርፉን ጥይት የሚጨምረው ቃታው በፍጥነት በተደጋገመ ጊዜ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ይዘጋጃል። ዳኛው ቀስ ብሎ ሲሞክረው ጨዋ ነው፤ ባለቤቱ ሲሮጥበት ሌላ ነው። ከዚህም ሌላ ማንም ክፉ ሳያስብ የሚመጣ ስሕተት አለ። ማብሪያዋ በተነካች ቁጥር በጥቂቱ ስለምትነጥር፣ ቦርዱ ያንን ንጥረት ካላጣራ አንዱን ስበት ሁለት ብሎ ይቆጥረዋል። እንግዲህ ዳኛ በሜዳ ዳር ቆሞ፣ ትርፉ ጥይት ከተንኮል ይሁን፣ ከማብሪያዋ ይሁን ወይስ ከተጫዋቹ ጣት ቅልጥፍና በምን ይለይ?

በ2000ዎቹ አጋማሽ ከታላላቆቹ ውድድሮች አንዳንዶቹ አንድ ውሳኔ ላይ ደረሱ። ቦርዱ ጥይት እንዲጨምር ፈቀዱ፤ ነገር ግን በአንድ ሴኮንድ ሊተኮስ የሚችለውን ብዛት ወሰኑ፤ በመጀመሪያ 15 ያህል፣ ቆይቶም ወደ 10 ገደማ ዝቅ አደረጉት። የተጫዋቹን ጣትና የቦርዱን ምስጢር መመርመር ቢያቅታቸውም፣ በሴኮንድ ስንት ጥይት እንደወጣ በመሣሪያ መቁጠር ይችላሉና። የልጃችን ውድድር የቀድሞውን ደንብ የያዘ ስለሆነ ጓደኞቹ ይህንኑ ያነሡበታል። «ሌላ ቦታ የተፈቀደ ነገር እዚህ እንዴት ኃጢአት ይሆናል?» ይሉታል።

እኛ የዘርዐ ክህነት ተማሪ ሳለን ቢጠይቁን ኖሮ፣ ሕግ አውጪዎቹ ለኃጢአት እጃቸውን ሰጡ ብለን በድፍረት በመለስን ነበር። ዛሬ እንዲያ አንልም። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ስለ ሕግ ሲያስተምር፣ ሰው የሚያወጣው ሕግ ክፉ ልማድን ሁሉ እንደማይከለክል፣ ይልቁንም ብዙኃኑ ሊርቁት የሚችሉትን ከባዱን፣ በተለይም ሌላውን የሚጎዳውን እንደሚከለክል ያስረዳል። ሊጠበቅ የማይችል ደንብ የሚቀጣው ታማኙን ብቻ ነው፤ ደንቡን የሚያከብረው ይሸነፋል፣ የሚያፈርሰው ይሸለማል። ደንቡን ሊለካ ወደሚችል ነገር ማውረድ ለደካማው መራራት ነው። ለአንድ ስበት አንድ ጥይት የሚለው ነገር ከሲና ተራራ የወረደ ትእዛዝ አይደለም፤ ሰዎች ለጨዋታ ሲሉ የተስማሙበት ነው፤ ተስማምተውም ሊለውጡት ይችላሉ። ጓደኞቹ የሳቱት እዚህ ላይ ነው። ደንብ በአደባባይ ሲለወጥ ለሁሉም ይለወጣል፤ በስውር የተለወጠ ቦርድ ግን ደንቡን ለአንድ ሰው ብቻ ይለውጣል፤ የተቀሩት በአሮጌው ደንብ ይጫወታሉ፤ እርሱም በአሮጌው ደንብ የሚጫወት መስሎ በመካከላቸው ይቆማል።

ይህ መምሰል ነው የጉዳዩ ሥር። በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ የሆነውን እናስታውስ። በዘመናዊ ፔንታትሎን የሻሞላ ግጥሚያ፣ የሶቪየት ኅብረቱ ቦሪስ ኦኒሽቼንኮ ከብሪታንያዎች ጋር ሲገጥም፣ ሻሞላው ሰውን ሳይነካ የነጥቡ መብራት በራ። ጂም ፎክስ የተባለው ብሪታንያዊ ተጠራጥሮ አቤት አለ። ሻሞላው ሲመረመር በእጀታው ውስጥ መብራቱን እንደልብ የሚያበራ ስውር ማብሪያ ተገኘ፤ ኦኒሽቼንኮም ከውድድሩ ተባረረ። ሁለቱ ሰዎች ለብዙ ዓመታት የሚተዋወቁ ወዳጆች ነበሩ። ልብ እንበል፤ በሻሞላ ውድድር ኤሌክትሪክ የገባው የሰው ዓይን ስለሚሳሳትና ስለሚያዳላ፣ የማያዳላ ምስክር ይሁን ተብሎ ነበር። ኦኒሽቼንኮ ዳኛውን በጉቦ አልደለለም፤ ምስክሩን ግን በሐሰት እንዲመሰክር አደረገው። የተለወጠ መሣሪያ ሁሉ እንዲሁ ነው። ባለቤቱ በአፉ አልዋሸም፤ ውሸቱን ለብረቱ አስተምሮት እርሱ ዝም ይላል። «እኔ ምን አልኩ?» ሊል ይችላል፤ እውነቱን ነው፣ ምንም አላለም።

ይህ ዓይነቱ ዝምታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሥሩ ወደ ውስጥ በተጎደጎደ ጣሳ ሽንብራ የምትሰፍር ነጋዴም ምንም አትልም፤ ጣሳው ይናገርላታል። የሙሴ ሕግ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 የሚከለከለው በሐሰተኛ ሚዛን መመዘን ብቻ አይደለም፤ ትልቅና ትንሽ መመዘኛን በአንድ ከረጢት መያዝ፣ ሁለት ዓይነት መስፈሪያንም በቤት ማኖር ጭምር ነው። ልጃችን «ቀስ ብዬ ነበር የምስበው» ሲል የጻፈውን ባነበብን ጊዜ የታወሰን ይህ ነው። ትንሹን መመዘኛ አልተጠቀመበትም፤ በከረጢቱ ግን ይዞት ነበር። ግጥሚያው በተፋፋመና ሽንፈት በቀረበ ጊዜ ጣቱ ቀስ እንደሚል ማን ዋስ ይሆነዋል? እርሱ ራሱ ዋስ መሆን ቢችል ኖሮ፣ ያንን ዓረፍተ ነገር በትንንሽ ፊደል ባልጻፈውም ነበር።

ጨዋታ ነውና ቀላል ነው የሚልም አለ። ጨዋታን ቤተ ክርስቲያን አትንቅም። ቅዱስ ቶማስ አእምሮ እንደ ሥጋ ሁሉ ዕረፍት እንደሚያሻውና በልክ መጫወት የራሱ ምግባር እንዳለው ያስተምራል። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል ሆነው ሲጋፉ ያየ ሰው፣ ጨዋታ የሚቆመው ሁሉም በፈቃዱ ለአንድ ደንብ ራሱን በማስገዛቱ እንደሆነ ያውቃል። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት፣ እንደ ደንቡ ያልታገለ ታጋይ አክሊል እንደማይደርሰው የተናገረው ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ምሳሌ አድርጎ ነበር። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2413፣ በሰባተኛው ትእዛዝ ሥር፣ በጨዋታ ማታለል ከባድ ጉዳይ መሆኑን ይገልጻል፤ የደረሰው ጉዳት ተበዳዩ በአግባቡ ከምንም የማይቆጥረው ኢምንት ካልሆነ በስተቀር። መለኪያው ተበዳዩ እንጂ አታላዩ እንዳልሆነ መምህራን ያስተውሉ። «ጥቂት ካርቶን ኳስ ነው» ማለት ያለበት የተሸነፈው ቡድን ነው።

አሁን ወደ መልሱ እንምጣ። ሳያውቅ ስለተጫወተበት ግጥሚያ፣ ልጃችን ኃጢአት የለበትም። ባለማወቅ ደንብ መጣስና ማታለል ይለያያሉ። በሴፕቴምበር 12 ቀን 2021 በቪየና ማራቶን አንድ ኢትዮጵያዊ ሯጭ በሦስት ሴኮንድ ቀድሞ ከገባ በኋላ፣ የጫማው ሶል ከተፈቀደው 4 ሴንቲ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር ስለበለጠ ድሉ ተሰረዘ፤ ሁለተኛ የወጣው ኬንያዊም አሸናፊ ተባለ። በዚያ ሯጭ ልብ ውስጥ ምን እንደነበረ አናውቅም፤ ለመፍረድም አንደፍርም፤ ስሙንም መጥቀስ አላስፈለገንም። ድሉን ለመሰረዝ ግን ልቡን መመርመር አላስፈለገም፤ ሶሉን መለካት በቂ ነበር። ቅዱስ ቶማስ ስለ ሽያጭ ሲናገር ተመሳሳይ ፍርድ ይሰጣል። የሸጠው ዕቃ ጉድለት እንዳለበት ያላወቀ ሻጭ አልበደለም፤ ባወቀ ጊዜ ግን ገዢውን የመካስ ግዴታ አለበት። ያልተገባው ነገር አንዴ ወደ እጁ ገብቷልና፣ እያወቀ ሲይዘው ያኔ የእርሱ ይሆናል።

ስለዚህ የልጃችን ጥፋት የሚጀምረው ጓደኛው መሣሪያውን ፈቶ ካሳየው ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲህ የዳኛው ማሳለፍ አይረዳውም። ዳኛው የመሰከረው ስላየው ነገር ነው፤ ያላየውን የሚያውቀው ልጃችን ብቻ ነው። እንዲያውም ምርመራው እንዲያ በጠበቀ ቁጥር አንድ አደጋ ያመጣል፤ ሰው «አለፍሁ» ማለትን «ንጹሕ ነኝ» ከማለት ጋር ያምታታል። ምርመራ ይቅር አንልም፤ ታማኙ ተጫዋች እንደ ሞኝ እንዳይቆጠር የሚያደርገው እርሱ ነውና። ግን ዳኛ ሊመረምር የሚችለው እጅ የያዘውን ነው። የጓደኞቹ «ሁሉም እንዲሁ ነው» ማለትም መልስ አይሆንም። ሁሉም ካደረገው ማንም አይጠቀምበትም፤ የሚጠቅመው አንዳንዶች ስላላደረጉት ነው፤ የሚከስሩትም እነርሱው ናቸው።

ልጃችን ያደርግ ዘንድ የመከርነው ይህ ነው፤ ቦርዱን አውጥቶ ትክክለኛውን ያስገባ፤ ለቡድኑ አለቃ ይንገር፤ አለቃው እሺ ቢል አብረው፣ እምቢ ቢል ልጃችን ብቻውን፣ ለውድድሩ መሪዎች ያሳውቅ፤ ከሽልማቱ የደረሰውንም ይመልስ። በመጨረሻም በአቅራቢያው ወደሚገኝ ካህን ሄዶ ስለ ሁለቱ ውድድሮች ይናዘዝ። ዘኬዎስ የበደለውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ፤ እኛ ከልጃችን የጠየቅነው አንድ እጥፍ ብቻ ነው። በመልሱ ሌላ ነገር ጠየቀን፤ መሣሪያውን ሽጦ ጨዋታውን ቢተው፣ ያወጣውን ቦርድ ከመሣሪያው ጋር አብሮ መሸጥ ይችል እንደሆነ፤ ዋጋውን ከፍ ያደርግለታልና። ከዚህ በላይ ግልጽ ጥያቄ ቀርቦልን አያውቅም። አይችልም፤ ሰብሮ ይጣለው ብለን ጻፍንለት።

ይህን ጽፈን ደብዳቤውን ካሸግን በኋላ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቁምስናችን ታዳጊዎች ከጎረቤት ቁምስና ጋር ለዋንጫ ተጫውተው ነበር። የዕድሜው ወሰን 15 ዓመት ነበር። ሁለቱን ጎል ያገባልን ልጅ ያቀረበው የጥምቀት ምስክር ወረቀት ላይ የተጻፈው ዓመት በእጅ የተስተካከለ ነበር። ይህን ያወቅነው ጨዋታው ካለቀ በኋላ፣ ለሌላ ጉዳይ መዝገቡን ስንገልጥ ነው፤ ልጁ 17 ዓመቱ ነበር። የጥምቀት መዝገቡ ቁልፍ በእጃችን ነው፤ ከእኛ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ የጠየቀንም የለም። ልጆቹ ዋንጫውን ይዘው በሰፈሩ ሲዞሩ ታየንና ዝም አልን። ወረቀቱም ልክ እንደዚያ ቦርድ ነው፤ ማኅተማችን ታትሞበት፣ በውድድሩ አዘጋጆች ፊት በእኛ ስም መሰከረ።

ይህ ዕትም ወደ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ለጎረቤት ቁምስና ቆሞስ ደብዳቤ ጽፈናል። ያን ጊዜ የነበሩት አባ ወደ ሌላ ሀገረ ስብከት ተዛውረዋል፤ አዲሱ ቆሞስ ስለ ጨዋታው የሰሙት ነገር የለም፤ ሆኖም በደስታ እንቀበላለን ብለው መልሰዋል። ሁለቱን ጎል ያገባው ወጣት አሁን ትልቅ ሰው ነው፤ ስንነግረው አንገቱን ደፋ፤ ቆይቶም «እኔ ነኝ የምወስደው» አለ። የቀሩት ተጫዋቾች ግን ዋንጫው የሁላችንም ነው፣ እኛ ምን አጠፋን ብለው ተቆጥተዋል፤ ከእነርሱ ጋር በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንነጋገራለን።